ጠገራ ብርና የአሜሪካ ድቀት (ከ1919 እስከ 1945)

በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ላይ በ1929 የደረሰው ውድቀት ከመንዝ ደጋ ጋራ ምን ያገናኘዋል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ምንም» የሚል ነው። እውነትም የቀየት ገበሬ ገብሱን ዘርቶ፣ በጉን አርብቶ፣ ከበጉ ጠጕር ባናውን አሠርቶ የሚኖር ስለ ነበረ፣ አክሲዮን የሚባለውን ነገር በስሙም አያውቀውም። ነገር ግን ይኸው ገበሬ በጉን ሸጦ በመቀነቱ የሚቋጥረው ጠገራ ብር፣ ከባሕር ማዶ ያለው ዋጋ የሚቈረጠው በሎንዶንና በኒው ዮርክ ነበር። እኛም በዚህ አጭር ጥናት አሜሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያገኘችውን ብልጽግናና ከዚያ የወደቀችበትን ድቀት ካስረዳን በኋላ፣ ነገሩ በዚህች በብር ገንዘብ ላይ ተሳፍሮ ወደ አገራችን እንዴት እንደ ደረሰ ለማሳየት እንሞክራለን። የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት አሜሪካ ለአውሮፓ ባለዕዳ ነበረች። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሌሎቹ ጓደኞቻቸው ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ነበረባቸው። በ1920 እና በ1921 ንግዱ ለጥቂት ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከ1922 እስከ 1929 ድረስ ፋብሪካው ሁሉ ሥራ በዛበት። ፎርድ «ሞዴል ቲ» የተባለውን አውቶሞቢል ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሠራ፤ ዋጋውም ከ300 ዶላር በታች እስኪሆን ወረደ። በ1929 በአገሩ ውስጥ 23 ሚሊዮን ያህል የቤት አውቶሞቢል ስለ ነበረ፣ ለአምስት ሰው አንድ ይደርስ ነበር ማለት ነው። ራዲዮ፣ የልብስ ማጠቢያና የበረዶ ሣጥን በየቤቱ ገባ። ገንዘብ ያልነበረው ሰው ጥቂት አስቀድሞ ከፍሎ የቀረውን በየወሩ እየከፈለ ይወስድ ነበር። ይህ የዱቤ ልማድ ፋብሪካውን ሲያሠራው፣ ሰውን ደግሞ ገና ያልሠራበትን ደመወዝ አስቀድሞ አስበላው።

ከዚህ ብልጽግና ያልደረሳቸው ብዙዎች ነበሩ። በ1929 ከመቶ ቤተሰብ 60 የሚሆነው ዓመታዊ ገቢው ከ2,000 ዶላር በታች ነበር። ጥቁሮች አሜሪካውያን በደቡብ የጥጥ እርሻ ላይ በእኩል አራሽነት ይማቅቁ ነበር፤ ወደ ሰሜን ከተማዎች የተሰደዱትም የሚያገኙት ከሁሉ ያነሰውን ሥራ ነው። ከሕዝቡ ሩብ ያህል የሆነው ገበሬም በጦርነቱ ጊዜ እህሉ ስለ ተወደደለት ተበድሮ መሬትና ትራክተር ገዝቶ ነበር። አውሮፓ እንደ ገና ማረስ ስትጀምር የእህሉ ዋጋ ወደቀ፤ ዕዳው ግን አልወደቀም። በ1919 ከ2 ዶላር በላይ ያወጣ የነበረው አንድ ቡሼል ስንዴ፣ ማለት 27 ኪሎ ያህል፣ በ1932 ወደ 40 ሣንቲም ወረደ። ርስቱን በመያዣ የወሰደ ባንክ ስላልነበረ የመንዝ ገበሬ ቢያንስ ከዚህ መከራ ድኗል፤ የራሱ መከራ አላነሰውም እንጂ።

የአክሲዮኑም ነገር እንዲሁ በብድር የተሠራ ነበር። ገዢው ከዋጋው ከመቶ 10 ወይም 20 እጁን ብቻ ከፍሎ የቀረውን ከደላላው ይበደራል። ዋጋው ሲወጣ ሁሉም ባለጸጋ ይሆናል፤ ሲወርድ ግን አበዳሪው ገንዘቡን ይጠይቃል፣ ባለዕዳውም ለመክፈል አክሲዮኑን ይሸጣል፣ መሸጡም ዋጋውን ይልቁን ያወርደዋል። በጥቅምት 24 እና በጥቅምት 29 ቀን 1929 የሆነው ይኸው ነው። ዳው ጆንስ የሚባለው የአክሲዮን መለኪያ በመስከረም 1929 ከነበረበት 381 በሐምሌ 1932 ወደ 41 ወረደ። ነገር ግን ሕዝቡን ይበልጥ የጎዳው ከአክሲዮኑ ይልቅ የባንኮች መዘጋት ይመስለናል። አክሲዮን የነበረው ጥቂት ሰው ሲሆን በባንክ ያስቀመጠው ብዙ ነበር። እስከ 1933 ድረስ 9,000 ያህል ባንኮች ተዘጉ፤ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈታ። በ1930 አሜሪካ ከውጭ በሚገባው ዕቃ ላይ ቀረጥ ስትጨምር ሌሎቹም መንግሥታት አጸፋውን መለሱ፣ የዓለምም ንግድ ተኰማተረ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በመጋቢት 1933 ሥራ ሲይዙ የመጀመሪያ ሥራቸው ባንኮቹን ሁሉ ለጥቂት ቀን ዘግቶ መመርመር ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከአሜሪካ ጋራ የነበረን ንግድ ከዚያ በፊት የቈየ ነው። በ1903 ስኪነር የተባለው መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ አጤ ምኒልክ ጋራ የንግድ ውል የተፈራረመው፣ የአሜሪካ አቡጀዲ በገበያችን ብዙ ይሸጥ ስለ ነበረና የእኛም ቡናና ቆዳ ወደ አሜሪካ ይሄድ ስለ ነበረ ነው። በ1917 የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከአገር የሚወጣው ዕቃ በርከት አለ። ከሚወጣውም ዋነኞቹ ቡናና ቆዳ ነበሩ። ቡናው ከደቡብና ከምዕራብ እንዲሁም ከሐረርጌ ሲመጣ፣ ደገኛው የሚያቀርበው የበግና የከብት ቆዳ ነው። ድቀቱ በመጣ ጊዜ የሁለቱም ዋጋ ወደቀ። ብራዚል ከ1931 ጀምሮ የተረፋትን ቡና እስከ ማቃጠል ስለ ደረሰች፣ ለትንሹ የኢትዮጵያ ሻጭ የቀረለትን የገበያ ዋጋ መገመት አያስቸግርም።

ከቡናው ይልቅ የረቀቀው ነገር የጠገራ ብሩ ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር ክብደቱ 28 ግራም ሲሆን ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ይህም ሦስት ሩብ አውንስ ያህል ነው። እንግዲህ የአንድ አውንስ ብር ዋጋ ከታወቀ በጠገራው ውስጥ ያለው ብረት ስንት እንደሚያወጣ ማስላት ይቻላል። በ1919 መጨረሻ አንድ አውንስ 1 ዶላር ከ37 ሣንቲም ገደማ ሲያወጣ፣ በጠገራው ውስጥ ያለው ብር 1 ዶላር ከ3 ሣንቲም ያወጣ ነበር። በ1928 አውንሱ 58 ሣንቲም ሲሆን ጠገራው 44 ሣንቲም ሆነ። በ1932 መጨረሻ አውንሱ ወደ 25 ሣንቲም ሲወርድ ጠገራው 19 ሣንቲም ብቻ ቀረው። የእቴጌይቱ መልክ ያው ነው፣ ክብደቱም ያው፣ 1780 የሚለው ዓመትም አልተለወጠም፤ ከባሕር ማዶ የሚገዛው ዕቃ ግን ከቀድሞው አንድ አምስተኛ እንኳ አልሆነም።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ሰው በእኩል ተጐዳ ማለት አይደለም። ገበያተኛው በጉን በገብስ፣ ገብሱን በአሞሌ ጨው ሲለውጥ የኒው ዮርክ ዋጋ አይነካውም፤ ጠገራውም በአገር ውስጥ እህልና ከብት ለመግዛት ያለው ኀይል ከውጭው ጋራ በአንድነት ሊወድቅ አይገደድም። በወርቅ ገንዘብ የሚገበያዩት አገሮች ዋጋ ሁሉ ሲወድቅባቸው፣ እንደ ቻይና በብር የሚገበያዩት በመጀመሪያ ጥቂት የተጠለሉትም ስለዚህ ነው። የውጭ ጨርቅም ቢሆን እንደ ተፈራው አልተወደደም። ጃፓን በ1931 መጨረሻ ገንዘቧን ከወርቅ ስላላቀቀች ዕቃዋ ረከሰ፤ በገበያችንም የአሜሪካንን አቡጀዲ ቦታ የያዘው የጃፓን ጨርቅ ነው። ስለዚህ በሩቅ ደጋ የሚኖረው ገበሬ ጉዳቱ የደረሰበት በቆዳው ዋጋና ከውጭ በሚመጣ ነገር ሁሉ ላይ ሲሆን፣ በጕልበቱ የሚያበቅለው እህልና የሚለብሰው ባና ጋሻ ሆኖለታል ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ጋሻ ያልነበረው መንግሥት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1930 ዘውድ ሲጭኑ የዓለም ንግድ መውደቅ ከጀመረ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያው ዓመት ኮልሰን የተባለው አሜሪካዊ የገንዘብ አማካሪ ሆኖ መጣ፤ በ1931 ሕገ መንግሥት ወጣ፣ የአቢሲንያ ባንክም በመንግሥት ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ተባለ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1927 አሜሪካ ድረስ ሄደው የተነጋገሩበት የጣና ግድብ በአሜሪካ መሐንዲሶች ቢጠናም ሳይሠራ ቀረ። ትምህርት ቤት ለመሥራት፣ አስተማሪ ለመቅጠር፣ ከሁሉም በላይ ጠመንጃና ጥይት ለመግዛት የሚያስፈልገው ሁሉ የሚከፈለው በውጭ ገንዘብ ነበር። የመንግሥት ገቢ ግን ከጕምሩክና ከግብር የሚሰበሰብ ጠገራ ብር ነው። ጐረቤት ጠላት በሚታጠቅበት በዚያው ጊዜ ጠገራው 19 ሣንቲም መሆኑ ምን ያህል ክፉ አጋጣሚ እንደ ነበረ አንባቢ ይፍረድ።

በ1934 ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላው ጫፍ ዞረ። የብር ማዕድን ያላቸው የምዕራብ አሜሪካ ክፍሎች እንደራሴዎች መንግሥታቸውን ገፋፍተው፣ ግምጃ ቤቱ ብር በብዛት እንዲገዛ የሚያዝ ሕግ በሰኔ 1934 አወጡ። የአውንሱ ዋጋ በሚያዝያ 1935 ወደ 81 ሣንቲም ወጣ፤ የጠገራውም ብረት ወደ 61 ሣንቲም ደረሰ። ለእኛ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘብ በብረቱ ሲወደድ ለመግዣነት ከመቀመጥ ይልቅ ተሰብስቦ ከአገር መውጣት ይጀምራል። ቻይና ብሯ ስለ ፈሰሰባት በኅዳር 1935 የብርን ገንዘብ እስከ መተው ደርሳለች። ኢጣልያም በአገራችን የሚታመነው ገንዘብ ጠገራ ብር ብቻ መሆኑን ስላወቀች፣ ማተሚያ ቅርጹን በ1935 ከቪየና አግኝታ በሮማ አሳተመች። ከጦሯ ጋራ የመጣው አንዱ መሣሪያ ይህ ነው።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ከጦርነቱ የተማረችው ትምህርት እኛ ላይ ወደቀ። በ1917 ወደ አውሮፓ ጦርነት የገባነው ለመሣሪያ ነጋዴዎች ትርፍ ነው የሚለው ሐሳብ በሕዝቡ ዘንድ ስለ በረታ፣ ምክር ቤቱ በነሐሴ 31 ቀን 1935 ለማንኛውም ተዋጊ ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ጥቅምት 3 ቀን ኢጣልያ መረብን ስትሻገር ሕጉ በሁለቱም ላይ ተፈጸመ። ኢጣልያ ግን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ነዳጅም በሕጉ አልተከለከለም ነበር። የሸዋ፣ የመንዝና የመርሐቤቴ አርበኞች ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት የተዋጉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጠላት በማረኩት መሣሪያ ነው።

ከነጻነት በኋላ በሐምሌ 1945 የኢትዮጵያ ዶላር ሲወጣ፣ በወረቀት ብቻ የሚያምን ሕዝብ እንዳልሆነ ታስቦ 50 ሣንቲሙ ከብር ተሠራ። የሚያስፈልገውን ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ ብር የአሜሪካ ግምጃ ቤት በጦርነቱ ጊዜ የመርጃ ብድር ደንብ መሠረት ሰጠ፤ የተቀረጸውም በፊላዴልፊያ ነው። ያን ጊዜ ለገበሬው ወረቀት ቢዘረጉለት ሽልንግ ይሻል ነበር።