ከባሕር ሥር እስከ ደባርቅ፡- ጠላቂ ለምን ወደ ላይ አይቸኩልም?

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ነው፡፡ ለትምህርት በሄድኩበት ስዊድን፣ በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ፣ ሰጥማ የቀረች አንዲት አነስተኛ የመዝናኛ ጀልባ (ያት) ለማየት ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ጊዜ ጠለቅን፡፡ ጀልባዋ ያለችው 12 ሜትር ጥልቀት ላይ ብቻ ነው፡፡ ምሰሶዋ ተሰብሮ በጎኗ ተጋድማለች፤ መሪዋ ላይ የባሕር አረም በቅሎበታል፤ በመስኮቷ ሸርጣን ይገባል ይወጣል፡፡ የውሃው ሙቀት 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር፡፡ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሼም ጣቶቼ ደንዝዘዋል፡፡ ደባርቅ ተወልዶ ላደገ ሰው ብርድ ብርቅ አይደለም፤ ይህኛው ግን ሌላ ነው፡፡

ማታ ላይ እናቴ ደወለች፡፡ ያሳደገኝ አጎቴ አርፏል፡፡ “ልጄ፣ ዛሬ ማታ ከተነሳህ ነገ ከሰዓት ትደርሳለህ፤ ቀብሩን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እናቆይልሃለን” አለችኝ፡፡

ቲኬት ነበር፡፡ ገንዘቡም አልጠፋም፡፡ የከለከለኝ ናይትሮጅን ነው፡፡

በአምቦ ውሃ ሲገለጽ

የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው፡፡ ሰውነታችን አይጠቀምበትም፤ እንደገባ ይወጣል፡፡ ባሕር ውስጥ ግን ነገሩ ይለወጣል፡፡ በባሕር ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊት አንድ ቢባል፣ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ሌላ አንድ ይጨመርበታል፡፡ 12 ሜትር ላይ 2.2 ደረሰ ማለት ነው፡፡ ጠላቂው ከሲሊንደሩ የሚስበው አየርም በዚያው ግፊት ስለሚመጣ፣ ከወትሮው የበዛ ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል፡፡

ጠላቂው ቀስ ብሎ ከወጣ ትርፉ ናይትሮጅን በሳንባ በኩል ያለ ችግር ይወጣል፡፡ ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ ግን የተናወጠ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሆነው በሰው ገላ ውስጥ ይሆናል፡፡ አረፋ ይፈጠራል፡፡ አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ብርቱ ሕመም፣ ቆዳ ላይ ሲሆን ማሳከክ፣ ሕብለ ሰረሰር ላይ ሲሆን ደግሞ መደንዘዝና ሽባነት ሊያስከትል ይችላል፡፡

ብዙዎች የሚስቱት፣ ከውሃ መውጣት የነገሩ መጨረሻ አለመሆኑን ነው፡፡ ሰውነት ትርፉን ናይትሮጅን አራግፎ የሚጨርሰው በብዙ ሰዓታት ውስጥ ነው፡፡ በዚህ መሐል አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው እንደገና ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው፡፡ የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ሊስተካከል ይችላል፤ ይህም በባሕር ወለል ካለው 75 በመቶ ያህሉ ነው፡፡ ስለዚህም ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል፡፡

ወርደን የማንወርድበት አውሮፕላን

ለሌላው ዓለም መንገደኛ አውሮፕላኑ ሲያርፍ አደጋው ያበቃል፡፡ ለእኛ አያበቃም፡፡ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፡፡ ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ ሲደረስ ከፍታው 2,850 ሜትር ገደማ ይሆናል፡፡ የአውሮፕላኑ ውስጥ ከሚታሰብበት ከፍታ ደባርቅ ይበልጣል ማለት ነው፡፡ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፡፡ በ12 ሜትር ጥልቀት የነበረ የአየር አረፋ ደባርቅ ቢደርስ ሦስት እጥፍ ያብጣል፡፡ “እግረ መንገዴን ሰሜን ተራራን ልውጣ” ብሎ 4,430 ሜትር ላይ ያለውን ቧሂትን ለሚያስብ ደግሞ ግፊቱ ወደ 58 በመቶ ይወርዳል፡፡ ከፍታው ራሱ የሚያመጣው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጨመርበት፣ የትኛው ሕመም ከየት እንደመጣ መለየትም ያስቸግራል፡፡

ይህ የስዊድን ተማሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ ጅቡቲ ወርዶ ቅዳሜና እሑድን በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሲጠልቅ የሚውል የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ በአየር ባይሆን በባቡር ወይም በመኪና ቢመለስ ያው ሽቅብ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያኖች ምፅዋ ላይ ያሰጠሟቸውን መርከቦች፣ በተከታዩ ዓመት በአሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤልስበርግ መሪነት ሲያነሱ የነበሩት ጠላቂዎችም ሲመሽ ለነፋሻ አየር ወደ አሥመራ ልውጣ ቢሉ፣ 2,300 ሜትር ሽቅብ ይጠብቃቸው ነበር፡፡ ጣና እንኳ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለ ለባሕር የተዘጋጀው የመጥለቂያ ሠንጠረዥ እንዳለ አይሠራበትም፡፡ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ የሚደረግ መጥለቅ ሁሉ የራሱ ስሌት አለው፡፡

ከመጥለቅ በኋላ መገጣጠሚያው የታመመ ወይም እግሩ የደነዘዘ ሰው “ድካም ነው” ብሎ መተኛት የለበትም፡፡ የመጀመሪያው እርዳታ ንፁህ ኦክስጅን ነው፤ ከፍታ ላይ ከሆነ ሳይለፋ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድም ያስፈልገዋል፡፡ ፍቱን ሕክምናው ግፊት በሚጨመርበት ልዩ ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ሐኪሙ መጥለቁን ቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፡፡

እኔ የተነሳሁት እሑድ ማታ፣ ከውሃ ከወጣሁ ከ30 ሰዓት በኋላ ነው፡፡ ቀብሩ አለፈኝ፤ የደረስኩት ለሣልስቱ ነው፡፡ ድንኳን ውስጥ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ፣ “ውሃ ውስጥ ገብተህ ነው አሉ የቀረኸው?” አሉኝ፡፡ ሁለት ጠርሙስ አምቦ ውሃ አንስቼ ሁለቱንም ናጥኩ፡፡ አንዱን በአንድ ጊዜ ስከፍተው እጄ ላይ ገነፈለ፡፡ ሌላውን ክዳኑን ጥቂት በጥቂት እያላላሁ፣ እያስተነፈስኩ ከፈትኩት፤ ጠብታ አልፈሰሰም፡፡

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው፣ “ለቅሶው ሁለት እንዳይሆን ነዋ የቆየኸው” አሉና ወደ እናቴ ዞሩ፡፡ እናቴ መልስ አልሰጠችም፤ የፈሰሰውን ጠረገች፣ የተረፈውንም ቀድታ ሰጠችኝ፡፡ ቀብሩ ላይ አለመገኘቴ ዛሬም ይቆጨኛል፡፡ ሒሳቡ ግን ትክክል ነበር፡፡