አንድ ፊደል ስንት ቲሸርት ያበላሻል?

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ «ለ»

በዛሬው የ«ሙያ» አምዳችን ስለ ቲሸርት ሕትመት ሥራ የማውቀውን ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ከየት አወቅሽው ብትሉኝ ከታላቅ ወንድሜ ነው። ቤት ውስጥ ሁላችንም «ጋሽዬ» ነው የምንለው። አስፋልት ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ከጓደኛው ጋር ሆኖ ቲሸርት፣ ሽርጥ እና የጨርቅ ቦርሳ ላይ ያትማል። ሥራውን የጀመረው ዕቁብ ሲወጣለት ባገኘው ብር ነው። እኔም ከትምህርት በኋላ እና ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ የታተመውን ሽቦ ላይ አሰጣለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ አጥፋለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳ።

ስክሪን ፕሪንት ምንድን ነው?

ካርቶን ላይ ኮከብ ቆርጣችሁ፣ በቀዳዳው በኩል ቀለም ቀብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ሥራው በአጭሩ እሱ ነው። ግን በካርቶን «ዐ»ን ለመጻፍ ሞክሩ እስቲ። ክቡን ስትቆርጡት መሐሉ ያለው ቁራጭ አብሮ ይወድቅና ባዶ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። «መ»ን እና «ወ»ን ጨምሮ የኛ ፊደል ውስጥ እንደ «ዐ» መሐሉ የተዘጋ ስንት አለ መሰላችሁ! «መ» ብቻውን ሁለት ክብ አለው። ስክሪን ላይ ግን ቁራጩ አይወድቅም፤ ስስ ጨርቅ ይዞት ይቆያል።

ስክሪኑ ማለት በእንጨት ወይም በአልሙኒየም ፍሬም ላይ እንደ ከበሮ የተወጠረ፣ እንደ ወንፊት ቀዳዳ ያለው ስስ ጨርቅ ነው። ድሮ ጨርቁ ሐር ስለነበር «ሲልክ ስክሪን» ተባለ። ሳሙኤል ሲሞን የሚባል የእንግሊዝ አገር የማንቸስተር ሰው በ1907 እ.ኤ.አ. በሐር ጨርቅ የማተም ዘዴውን በፓተንት አስመዝግቧል። አሁን ግን ጨርቁ በአብዛኛው ፖሊስተር ነው።

ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው በብርሃን ነው። ጋሽዬ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ኢሙልሽን የሚባል ፈሳሽ ጨርቁ ላይ በስሱ ይቀባና ያደርቀዋል። ከዚያ ጽሑፉ በጥቁር የታተመበትን ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ላዩ ላይ አድርጎ ብርሃን ያስመታዋል። ብርሃን ያገኘው ኢሙልሽን ይጠነክራል። በጥቁሩ ፊደል የተጋረደው ግን ስላልጠነከረ በውሃ ሲታጠብ ይለቃል። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ብርሃን አስተላላፊና ከላይ ነገሮች የተማርነው እዚህ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። ከዚያ ስክሪኑ ቲሸርቱ ላይ ይቀመጣል፣ ቀለሙም ስኩዊጂ በሚባል የላስቲክ መግፊያ ይገፋል። በቀዳዳዎቹ ያልፍና ጽሑፉ ይወጣል።

ያጠፋሁት ጥፋት

ጥር ወር ላይ ነው። የሰፈራችን ወጣቶች ለጥምቀት የሚለብሱት 60 ነጭ ቲሸርት አዘዙ። ጀርባው ላይ «እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ» ተብሎ በአረንጓዴ እንዲጻፍ ነው የፈለጉት። ርክክቡ ጥር 9 ማታ ነው። ጋሽዬ ሥራ ስለበዛበት ጽሑፉን ኮምፒዩተር ላይ እንድተይበው ነገረኝ። ተየብኩ። «ሚጡ፣ ደግመሽ አንብቢው እሺ» አለኝ። ጓደኞቼ ውጭ ሱዚ እየዘለሉ ይጠብቁኝ ስለነበር «አንብቤዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። አላነበብኩትም ነበር።

ጥር 7 ከሰዓት በኋላ ሕትመት ተጀመረ። እኔ እየተቀበልኩ ሽቦ ላይ አሰጣለሁ። 23ኛውን አስጥቼ ዞር ስል ተደርድረው አየኋቸው። «አደረሳቹ» ይላል። ሁሉም! በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ ተምረነዋል፤ «እናንተን» ሲሆን «አደረሳችሁ» ነው። አንድ ጊዜ የተሳሳትኩት 23 ቲሸርት ላይ 23 ጊዜ ወጣ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ዝም ልል ነበር። ሆዴ ተረበሸ። ግን 37 ቲሸርት ገና ነበር። ዝም ባልኩ ቁጥር አንድ እየጨመረ ነው። «ጋሽዬ፣ አቁም» አልኩት። አቆመ። ጓደኛው አየውና «ኧረ ማን ያየዋል! ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ እንደዚህ አይደል የሚጽፈው?» አለ። ጋሽዬ ግን «አንድ ሰው ካየው ይበቃል። ከዚያ በኋላ ማን ያዘናል?» ብሎ ለደንበኞቹ ደወለና እውነቱን ነገራቸው። እነሱም ተስተካክሎ እንዲሠራላቸው ጠየቁ።

አልተቆጣኝም። ደብተሩን ሰጥቶኝ «ሒሳቡን አንቺ ሥሪው» አለኝ። ከቁጣው ይሄ ባሰብኝ። እንዲህ ነበር፦

ለ60 ቲሸርት በ300 ብር ሒሳብ የሚከፈለው 18,000 ብር።
60 ባዶ ቲሸርት በ200 ብር ሲገዛ 12,000 ብር።
ለስክሪን፣ ለፕላስቲኩ እና ለቀለም 1,500 ብር።
የሚተርፈው 4,500 ብር።

የተበላሹት 23 ቲሸርቶች በ200 ብር ሲባዙ 4,600 ብር ይሆናሉ። ማለትም የዚያ ሁሉ ሥራ ትርፍ ጠፍቶ 100 ብር ከኪስ ተጨመረ። ያውም አዲስ የተሠራው ስክሪን ሳይቆጠር። በማግስቱ ጠዋት አዲሱን ስክሪን በፀሐይ አስመትተው፣ ጓደኛው መርካቶ ሄዶ 23 ባዶ ቲሸርት ገዝቶ፣ ጥር 9 ማታ በቀጠሮው አስረከቡ። የዚያን ወር ዕቁብ ጋሽዬ ከእማዬ ተበድሮ ነው የጣለው። ዕቁብ ደግሞ አንዴ ከወጣላችሁ በኋላ «ዘንድሮ አልቻልኩም» አይባልም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን በደንብ ማየት ጀመርኩ። የተማርኩትን እነሆ።

1ኛ. ሳይነበብ አይታተም

አሁን ጽሑፉን ሦስት ሰው ያነበዋል። የተየበው ሰው፣ ከዚያ በፊት ያላየው ሰው እና ደንበኛው። ደንበኛው ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። የተየበው ሰው ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው እየተመለሰ ያነባል። ለምን ቢባል፣ ዓይን የለመደውን ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ የተጻፈውን ሳይሆን የጠበቀውን ያነባል። የመጀመሪያው ሕትመትም አሮጌ ጨርቅ ላይ ይሞከራል።

2ኛ. ፊደሉ ወፍራም ይሁን

የአማርኛ ፊደል በትንሽ ምልክት ነው የሚለያየው። አንድ ጊዜ ለቡና ቤት ሽርጥ ሲታተም የ«ቡ» ትንሿ መስመር ተደፍና «ቡና» የሚለው «በና» ሆኖ ወጣ። ደግነቱ ሙከራው ላይ ነው የታየው። ስለዚህ ቀጭንና ትንንሽ ፊደል አይመረጥም። ጨርቁም ይለያያል። ለቲሸርት ብዙ ጊዜ በአንድ ሴንቲ ሜትር 43 ክር ያለው ይሆናል። ለረቀቀ ጽሑፍ 77 ወይም ከዚያ በላይ ክር ያለው ይሻላል። ክሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል፣ የሚያልፈውም ቀለም ያንሳል።

3ኛ. ብርሃንና ውሃ

መብራት ሲጠፋ ስክሪን በፀሐይ ይመታል። ግን ፀሐይ የጠዋቱና የቀትሩ አንድ አይደለም። ብርሃኑ ካነሰ ሲታጠብ ሁሉም ተልጦ ይሄዳል። ከበዛ ደግሞ ፊደሉ አልከፈትም ይላል። ጋሽዬ በትንሽ ቁራጭ ይሞክራል። በካርቶን ሸፍኖ በየተወሰነው ሰከንድ ትንሽ ትንሽ ይገልጣል፣ ከዚያ ያጥብና የትኛው ክፍል ጥሩ እንደወጣ አይቶ ደቂቃውን ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ይጽፋል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነም ጀሪካኖቹ ሁልጊዜ ሙሉ ናቸው። ብርሃን የተመታ ስክሪን ይዞ ውሃ መጠበቅ አይቻልማ!

4ኛ. ሲታተም

የስክሪኑ ጠርዝ በፕላስተር ይሸፈናል፣ አለዚያ ቀለም በጎን ይወጣል። ከስክሪኑ ጥግና ጥግ ሥር ሳንቲም ይደረጋል። ሳንቲሙ ጨርቁን ከቲሸርቱ ትንሽ ከፍ ስለሚያደርገው ስኩዊጂው ሲያልፍ ብቻ ነክቶ ወዲያው ይላቀቃል፣ ጽሑፉም አይጨማለቅም። ስኩዊጂው ዘንበል ተደርጎ በአንድ ዓይነት ኃይል ይሳባል። የሚያትመው ሰው ቲሸርት አይነካም፣ ቲሸርት የሚያነሳው ሰው ቀለም አይነካም። በውሃ የሚሟሟ ቀለም ከሆነ ደግሞ ስክሪኑን ትቶ ምሳ መሄድ ክልክል ነው። ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ ይደርቃል።

5ኛ. የደረቀ የመሰለ ሁሉ አልደረቀም

በእጅ ሲነኩት ደርቆ፣ ሲታጠብ የሚለቅ ቀለም አለ። በውሃ የሚሟሟው ቀለም ከደረቀ በኋላ በካውያ ወይም በሂት ፕሬስ መሞቅ አለበት። ፕላስቲሶል የሚባለው ደግሞ ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ካላገኘ ሽቦ ላይ ሳምንት ቢውል አይደርቅም። ስለዚህ ከማስረከብ በፊት አንዱ ቲሸርት በሳሙና ታጥቦ ይታያል። ይሄ ማጠብ የኔ ሥራ ነው።

6ኛ. ጨርቁን ማወቅ

ለጀማሪ ጥጥ ይቀላል። ቀይ ፖሊስተር ላይ ነጭ ቀለም ስታትሙ በሙቀቱ የጨርቁ ቀለም ወደ ላይ ይወጣና ነጩ ሮዝ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ቲሸርት ላይ ነጭ አንድ ጊዜ ብቻ ከታተመ ግራጫ ይመስላል። መጀመሪያ አንድ ዙር ታትሞ፣ በሙቀት ላዩ ደረቅ ሲል ይደገማል።

7ኛ. ሒሳብ

ስክሪን የሚሠራበት ወጪ ለ3 ቲሸርትም ለ60 ቲሸርትም ያው ነው። ለምሳሌ 900 ብር ቢፈጅ፣ ለ3 ሲካፈል ለአንዱ 300 ብር፣ ለ60 ሲካፈል ግን 15 ብር ብቻ ይደርሰዋል። ጋሽዬ «ሦስት ብቻ ነው የምፈልገው» ለሚሉ ደንበኞች ይህን ያስረዳቸዋል። በሁለት ቀለም ከሆነ ሁለት ስክሪን ስለሚያስፈልግ ዋጋውም ይጨምራል። ግማሹ ክፍያ በቀብድ ይያዛል። 60 ከታዘዘ 62 ወይም 63 ባዶ ቲሸርት ይገዛል፣ አንድ ሁለት መበላሸቱ አይቀርምና። የሱቁ ብርና የኪስ ብርም አይቀላቀልም።

8ኛ. ቀጠሮ

ከጥምቀት በፊትና በምርቃት ሰሞን ሁሉም ሰው አንድ ላይ ነው የሚመጣው። «እሺ ነገ ይደርሳል» ብሎ ሁሉን መቀበል ቀላል ነው። የማይደርስ ከሆነ ግን «አይደርስልኝም» ማለት ይሻላል። ከጥምቀት ማግስት የሚደርስ የጥምቀት ቲሸርት ለማን ይሆናል?

9ኛ. ጤና

ኢሙልሽኑና ማጽጃው ቆዳና ዓይን ይጎዳል። ጋሽዬና ጓደኛው ጓንት ያደርጋሉ፣ ከታተመ በኋላ መስኮት ይከፍታሉ፣ ቀለም ባለበት ጠረጴዛ ላይ አይበሉም። እኔ ኬሚካሎቹን አልነካም። እናንተም ይህን አንብባችሁ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩ! ከታላቅ ሰው ጋር በካርቶን ቀዳዳ እና በውሃ ከለር መለማመድ ግን ትችላላችሁ።

በመጨረሻም

ከ23ቱ የተበላሹ ቲሸርቶች አብዛኛዎቹ ለሙከራ ሕትመትና ለመወልወያ ሆኑ። አንዱን ግን ጋሽዬ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፣ ሲገቡ ሲወጡ ሰዎች እያነበቡ ይስቃሉ። አሁን ግን ልምድ ሆነ። ደንበኛ ሊፈርም ሲል ጋሽዬ ወደ ቲሸርቱ ይጠቁማል፣ ሰውየውም ወረቀቱን መልሶ ያነባል።

ይህ መጽሔታችን በእጅ ስለሚጻፍ ብንሳሳት አንድ ቦታ ሰርዘን እናስተካክላለን። የሚታተም ነገር ግን ስሕተቱንም አብሮ ያባዛል። የዘንድሮ 8ኛ ክፍሎች የመሰናበቻ ቲሸርት ልታሠሩ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እባካችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የሁላችሁንም ስም ባለቤቱ ራሱ ያንብበው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፣ እኔ ደግሞ ቸኩዬ ያፈሰስኩትን የለቀመው ወንድሜ ነው። ይህንንም ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የምሬን ነው!

ጥያቄ፦ 40 ቲሸርት ታዘዘ። ለስክሪን 800 ብር ወጣ። ባዶው ቲሸርት 200 ብር፣ የቀለሙ ወጪ ለአንዱ 10 ብር ነው። ከአንዱ 50 ብር ለማትረፍ አንዱ ቲሸርት ስንት ብር ይሸጥ? መልሱን እስከ ዓርብ ለሚኒ ሚዲያ ክፍል አምጡ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!