«ክር» ወይስ «ወንፊት»? ስለ አንድ ስያሜ

በጨንቻ ጥጥ ተፈትሎ ክር ይሆናል፤ ክሩም ድርና ማግ ሆኖ ይሸመናል። የኩራዝ ክርም ጥጥ በመሆኑ፣ ፈሳሽ ስቦ ወደ እሳት የሚያደርሰውን ነገር «ክር» ማለት ለምደናል። በአንዳንድ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ውስጥ ግን ፈሳሹን ወደ ጥምዝ ማሞቂያ ሽቦው የሚስበው የተጠቀለለ የማይዝግ ብረት ወንፊት ነው። ይህም ድርና ማግ ቢኖረው እንደ ጥጥ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በእሳት ግሎ የኦክሳይድ ሽፋን ካልለበሰ ሽቦውን ሲነካ ኮረንቲው በአቋራጭ ያልፋል፤ ባትሪውም ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል። ተርጓሚ «ክር» ብሎ ቢያልፈው አደጋው ከአንባቢ ይሰወራል። የመሣሪያው ሽያጭ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ቢሆንም፣ የሕግና የጤና ጽሑፎች ይጠቅሱታልና ትክክለኛ ስያሜ ያሻዋል። ስለሆነም ለተግባሩ «ሳቢ»፣ ለዓይነቶቹም «ሳቢ ክር» እና «ሳቢ ወንፊት» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን።