የአንድ ክፍል ቤት ድመት፦ ዓመሏ ድንገት ሲለወጥ

እስከ ትናንት ጭን ላይ ተጠቅልላ የምትተኛ ድመት ዛሬ እግር ትነክሳለች። አሸዋዋን ትታ አልጋ ላይ ትሸናለች፤ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ኮርኒስ ኮርኒሱን እያየች ትጮሃለች። የቤቱ ሰው «አበደች» ይላል፣ ጎረቤት «የሆነ ነገር ታይቷት ነው» ይላል፣ አከራይ ደግሞ «እሷን አንሱልኝ» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚያልቀው በጆንያ ነው፤ ድመቷ ተቋጥራ ከሰፈር ራቅ ካለ ቦታ ትጣላለች።

ወላይታ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ሁለት ዓይነት የድመት ኑሮ ጎን ለጎን ይታይበታልና። በገጠሩ ድመት ቤት ውስጥ ታድራለች እንጂ ቤት ውስጥ አትታሰርም። ከደጅ ሲወጡ እንሰት ነው፤ ከእንሰቱ አለፍ ሲሉ ጎደሬ፣ በቆሎ፣ ስኳር ድንች። ሰው ሲበዛባት ትሄዳለች፣ ልጅ ጅራቷን ሲይዝባት እንሰቱ ሥር ትገባለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው ሶዶ ግን ሌላ ናት። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። ከሌላ ቦታ የሚመጣው ተማሪና ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች በአንዱ ነው። ሦስት በአራት በሆነች ክፍል አልጋው፣ ምድጃው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሰዉና ድመቷ አብረው ይውላሉ። በሩ ለሌባም ለውሻም ሲባል ይዘጋል። ድመቷ ሲከፋት የምትሄድበት የላትም።

እንዲህ ባለ ቤት ዓመል ድንገት ሲለወጥ ምክንያቱ የሚገኘው ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው፤ ወይ ከሰውነቷ፣ ወይ ከክፍሉ። ፍለጋውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሁን፤ መጀመሪያ ሕመም፣ ቀጥሎ ክፍሉ።

ማን ናት?

የቤት ድመት የተገኘችው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ዘመዷ ዛሬም በኢትዮጵያ ዱር ትኖራለች። ወደ ሰው የተጠጋችው በመካከለኛው ምሥራቅ ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምርና ጎተራው አይጥ ሲጠራ ነው። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ የተቀበረች የ9,500 ዓመት ድመት ተገኝታለች። ውሻን ሰው ለአደንና ለጥበቃ እየመረጠ አራብቶታል፤ ድመት ግን ለአይጡ ብላ መጥታ፣ ለአይጡ ብላ ቀረች። ማንም ሥራዋን ስላልቀየረው ጠባይዋም ብዙ አልተቀየረም። ብቻዋን ታድናለች፣ ክልሏን በሰውነቷ ሽታና በጥፍሯ ታሰምራለች፣ ቀን ብዙውን ሰዓት ተኝታ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ትነቃለች። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚባለው ለሰው ቢሆንም፣ ለራሷ ለድመቷም ልክ ነው። ስታድን ተራው የታወቀ ነው፦ ታደባለች፣ ትዘላለች፣ ትነክሳለች፣ ትበላለች፣ ፀጉሯን ልሳ ትተኛለች። ክፍል ውስጥ የምታድነው ስታጣ የሚንቀሳቀሰው ነገር የእናንተ ቁርጭምጭሚት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሕመም

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። በዱር እሷን ራሷን የሚበሏት አሉና ደክማ መታየት አይበጃትም። ስለዚህ የሕመሟ የመጀመሪያ ምልክት ብዙ ጊዜ የዓመል ለውጥ ነው፤ ትደበቃለች፣ ሲነኳት ትናከሳለች፣ የምትሸናበትን የአሸዋ ሳፋ ትሸሻለች። ጥርሷን ወይም ጆሮዋን የሚያማት ድመት ራሷን ሲዳብሷት ብትቧጭር ክፋት አይደለም።

ከሁሉ በፊት የሚታየው ሽንቷ ነው። ተመላልሳ እየተቀመጠች ጠብታ ብቻ የምታወጣ፣ ስትሸና የምትጮህ ወይም ሽንቷ ደም የቀላቀለ ድመት ፊኛዋ ተቆጥቷል። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ተሕዋስ ከጭንቀት ጋር ተያይዞ ይነሳል፤ የሚበረታውም ቤት ተዘግቶባቸው በሚኖሩት ላይ ነው። ወንድ ከሆነ አደጋው የከፋ ነው። የሽንት ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ይደፈናል፤ እያማጠ ምንም የማይወጣው ወንድ ድመት በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሁለተኛው መርዝ ነው። የአይጥ መርዝ የበላች አይጥ የበላች ድመት ራሷም ትመረዛለች። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን «ለቁንጫም ይሆናል» ብሎ ድመት ላይ መቀባት ደግሞ በእጅ መግደል ነው፤ ፀጉሯን ስትልስ ትውጠዋለች፤ ከዚያ ለሐጯ ይዝረበረባል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ የዓይኗ ብሌን ይጠባል። ፓራሲታሞልም እንዲሁ ነው፤ ለሰው ራስ ምታት የሚዋጠው አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል፤ ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም።

ሦስተኛው ምግብ ነው። ድመት ሥጋ በል እንስሳ ናት፤ በእንጀራና በሽሮ ብቻ ኖራ ጤነኛ አትሆንም። ከሥጋ የምታገኘው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሲጓደልባት ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። ወጥ በሽንኩርት የተሞላ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ስለዚህ ከማዕድ የተረፈ ሥጋ ሲሰጣት ወጥ ወይም ዳጣ የነካው መሆን የለበትም። የተቀቀለ ሳንባ፣ ልብ ወይም የሥጋ ጥራጊ ይሻላታል። ብዙ ያደጉ ድመቶች ወተት አይስማማቸውም፤ ሆዷ የተበጠበጠ ድመት ደግሞ ሳፋው ጋ ሳትደርስ ታበላሻለች።

ወንድ ስትፈልግ

ስድስት ወር ገደማ የሆናት ሴት ድመት ድንገት ወለል ላይ እየተንከባለለች፣ ወገቧን ዝቅ ጅራቷን ወደ ጎን እያደረገች፣ የሕፃን ለቅሶ በሚመስል ድምፅ ሌሊቱን ብትጮህ አልታመመችም፤ ወንድ ፈልጋለች። ሁኔታው ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ካላገኘች በሁለት ሦስት ሳምንት ይመለስባታል። ድመትን ለዚህ የሚቀሰቅሳት የቀን ብርሃን ርዝመት ነው። ስለዚህ የብርዱ ወቅት ጨለማ በሚሆንባቸው የአውሮፓ አገሮች ለወራት ታርፋለች። ሶዶ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የዚህ አገር ድመት ዓመቱን ሙሉ ልትጮህ ትችላለች።

ወንዱ በበኩሉ ቆሞ ጅራቱን እያንቀጠቀጠ ግድግዳና መጋረጃ ላይ ይረጫል። ይህ ክልል ማስመር ነው፤ ወለል ላይ ቁጢጥ ብሎ መሽናት ግን ብዙ ጊዜ ከሕመም ወይም ሳፋውን ከመጥላት ይመጣል። ሁለቱን መለየት ለሐኪሙም ለባለቤቱም ግማሽ መልስ ነው። ለጩኸቱም ለመርጨቱም ዘላቂው መፍትሔ ማኮላሸት ነው፤ ይህ ቀዶ ሕክምና ስለሆነ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኮርኒስና መስኮት

ሕመምም ወንድ ፍለጋም ካልሆነ ወደ ክፍሉ ዞር ማለት ነው። በመጀመሪያ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ። በቆርቆሮው ክዳንና በኮርኒሱ መሀል ያለው ባዶ ቦታ የአይጥ መንገድ ነው። ሰው እስከ 20,000 ኸርትዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል፤ ድመት ከ60,000 በላይ እስከሚደርሰው ድረስ ትሰማለች፤ አይጦች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ቀጭን ድምፅም እዚያ ውስጥ ነው። መብራት ጠፍቶ ለሰው ሁሉም ጸጥ ሲል፣ ድመቷ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ታዞራለች፣ መንጋጋዋ ይንቀጠቀጣል፣ የጅራቷ ጫፍ ይወራጫል፣ ከዚያ ትጮሃለች። ያየችው ጋኔን የለም፤ የማትደርስበት አይጥ አለ። ኮርኒሱ ግድግዳውን የሚነካበት ቀዳዳ ሲደፈንና እህሉ ክዳን ባለው ዕቃ ሲቀመጥ ሌሊቱም ይረጋጋል።

መስኮቱም እንዲሁ ነው። የጎረቤት ወንድ ድመት መስኮቱ ላይ ሲቆም የቤቷ ድመት ልትደርስበት አትችልም፤ ቁጣዋ ግን ተነሥቷል፤ በዚያች ቅጽበት አጠገቧ ያለፈ እግር ይነከሳል። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተለጥፎ፣ ብሌኗ ሰፍቶ፣ ጅራቷ ሲወራጭ ካያችኋት አታንሷት፣ አትምቷት። መጋረጃውን ዘግቶ፣ ክፍሉን አጨልሞ፣ ለብቻዋ መተው ነው፤ ለመብረድ ሰዓታት ሊፈጅባት ይችላል።

የቤት ውስጥ ለውጥም ያስጨንቃታል። ጊፋታን አስቡት። ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሁድ ለሚውለው የወላይታ ዘመን መለወጫ ቤት ይጸዳል፣ ዕቃ ይነቃነቃል፣ በሬ ይታረዳል፣ ዘመድ ይገባል። ለሰው በዓል የሆነው ለድመቷ ያሰመረችው ሽታ ሁሉ የታጠበበት፣ በማታውቀው እግር የተሞላ ክፍል ነው። አዲስ ሕፃን፣ አዲስ ድመት፣ የተቀየረ አልጋ፣ አዲስ ቤት መግባትም ውጤቱ አንድ ነው።

ጠባብ ክፍል እንዴት ይሰፋል?

ለድመት ቤት የሚለካው በወለል ብቻ አይደለም፤ ከፍታም ቦታ ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረውን ሻንጣ አንሥቶ ጨርቅ ማንጠፍ፣ ወደዚያ የምትወጣበት አንድ ጣውላ ግድግዳ ላይ መምታት ክፍሉን እጥፍ ያደርግላታል። ከአልጋው ሥር ጎኑ የተቀደደ ካርቶን ይቀመጥ፤ እዚያ ስትገባ ማንም እንዳያወጣት ልጆች ይነገራቸው። አንድ ሜትር የሚሆን አጣና ላይ ከእንሰት የሚወጣውን ቃጫ ጠበቅ አድርጎ ጠምጥሞ እንዳይነቃነቅ ማቆም፣ ከዚህ በፊት ስትቧጭረው የነበረውን ሶፋ ያድናል። መቧጨሯ አይቀርም፤ ጥፍሯን የምትሞርደውም ሽታዋን የምትተወውም በዚያ ነው።

ሳፋው ከምግቡ ይራቅ፤ ሦስት ጣት ያህል ጥልቀት አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ይኑረው፤ በየቀኑ ይጽዳ። የተሸናበት ፍራሽ በበረኪና አይታጠብ፤ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ አጥቦ፣ አቼቶ በውኃ በጥብጦ አብሶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይሻላል። ሽታው ካልለቀቀ ወደዚያው ቦታ ትመለሳለች።

ሌሊት እግር የምትነክሰዋን ደግሞ ማታ አድክሟት። ክር ጫፍ ላይ የዶሮ ላባ አስሮ ከእራቷ በፊት አሥር ደቂቃ ማሯሯጥ፣ በመጨረሻም እንድትይዘው ፈቅዶ ወዲያው ማብላት። የአደኑ ተራ ስለተሟላላት ልሳ ትተኛለች። ጨዋታው ሲያበቃ ክሩ ይሸሸግ፤ ከዋጠችው አንጀቷን ሊቆርጠው ይችላል።

ለሰው የሚያሰጋው

የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ያለ ምክንያት በሁሉም ላይ የምትዘል፣ ድምፅዋ የተለወጠ፣ ለሐጯ የሚዝረበረብ፣ የኋላ እግሯ የሚከዳት ድመት ካለች ማንም አይንካት። የነከሰችውን ወይም የቧጨረችውን ቦታ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። ድመቷ በሕይወት ካለች 10 ቀን ተዘግቶባት ትጠበቃለች፤ የሰውዬው ክትባት ግን እሷን አይጠብቅም። ሦስት ወር የሞላትን ድመት ማስከተብ ይህን ሁሉ ጭንቀት በእጅጉ ይቀንሳል።

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሌላ ስጋት ይነሳል፤ ቶክሶፕላዝማ። ተሕዋሱ ከድመት ኩስ ጋር ይወጣል፤ ነገር ግን ሰው ለመያዝ የሚበቃው ቢያንስ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ነው። በየቀኑ የሚጸዳ ሳፋ፣ ያውም ከነፍሰ ጡሯ በቀር በሌላ ሰው የሚጸዳ፣ አደጋውን በጣም ይቀንሰዋል። ይኸው ተሕዋስ በጥሬ ሥጋም ይተላለፋልና ነፍሰ ጡሯ ከጥሬ ሥጋ ሳትታቀብ ድመቷን ብቻ ማባረር ትርፉ ትንሽ ነው።

ሐኪም ጋ ሲኬድ

የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ በከተማዋ ክልላዊ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም አለ። በየቦታው ያሉት የእንስሳት ክሊኒኮች በአብዛኛው የለመዱት ከብት፣ በግና ፍየል ስለሆነ ለሐኪሙ መረጃ ይዞ መሄድ ይጠቅማል፦ ለውጡ መቼ ጀመረ? መጨረሻ የሸናችው መቼ ነው? ምን በላች? ቤት ውስጥ ወይም ግቢው ውስጥ ምን ዓይነት መርዝ ተቀመጠ? ባለፉት ሁለት ሳምንታት ቤቱ ውስጥ ምን ተለወጠ? ከመጨረሻው ጥያቄም ብዙ መልስ ይወጣል።

ጆንያው ግን የሚፈታው ነገር የለም። የተጣለችው ድመት ወይ ትመለሳለች፣ ወይ በሌላ ሰው ደጅ ትራባለች። ቤቱ ውስጥ አይጡ ሲበዛ አዲስ የድመት ግልገል ትመጣለች፤ ኮርኒሱ ያው፣ መስኮቱ ያው፣ ወጡም ያው ከሆነ፣ በስድስተኛው ወር እሷም «አበደች» ትባላለች።