በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቤት ስለ መከራየት

ከዩኒቬርሲቲው መኝታ ቤት ውጪ የምንኖር ተማሪዎች ጥቂቶች አይደለንም። የማታው ተማሪ፣ በክረምት ለትምህርት የሚመጣው መምህር፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማረው፣ ሁሉም በከተማው ውስጥ ቤት ይፈልጋሉ፤ ሲፈልጉም ለደላላው የሚነግሩት አንድ ነው፤ «ጸጥ ያለ ይሁን፤ ከሐይቁም አይራቅ»። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ጸጥታው በምን እንደሚገኝና ምን እንደሚያስከፍል ሳያውቁ ቀብድ የሰጡ ጓደኞቻችን በፈተና ሰሞን ፍራሻቸውን ባጃጅ ላይ ጭነው ሌላ ቤት ሲፈልጉ አይተናል። ስለዚህ የምናውቀውን ያህል ማብራራት ተገቢ መስሎ ታየን።

በመጀመሪያ ጸጥታው ከየት እንደ መጣ እንመልከት። የሐይቅ ዳር ሰፈር ጸጥ የሚለው ነዋሪው ከሌላው ይልቅ ጨዋ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሐይቁ መንገዱን ስለሚዘጋው ነው። ወደ ውሃው የሚወስዱት የውስጥ መንገዶች ወዲያ ማዶ አያደርሱምና አላፊ መኪና አይበዛባቸውም። ይኸው ምክንያት ግን ባጃጁንም ያሳንሰዋል። ሲመሽ የሚገኘው ባጃጅ «ኮንትራት ካልሆነ አልገባም» ይላል፤ ይህም ወጪ ከኪራዩ ጋር ሊታሰብ ይገባዋል። በተለይ እኅቶቻችን ቤቱን በቀን ብቻ ሳይሆን አንድ ጊዜ በምሽት ሄደው መንገዱ መብራት ያለው መሆኑን ቢያዩ መልካም ነው። ደግሞም ሐይቅ ዳር ሁሉ ጸጥታ አለው ማለት አይደለም። ማክሰኞ ጧት የታየ ቤትና ቅዳሜ ማታ የሚኖሩበት ቤት በፍቅር ሐይቅ አካባቢ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ውሃው ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባል፤ ከሐይቁ ወጥቶ በምድር ላይ የሚፈስ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ሐይቁ ከፍ ይላል፤ ከተማውንም ለመከላከል በዳርቻው የአፈር ግድብ እስከ መሥራት ተደርሷል። ለተከራዩ ይህ የጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ አይደለም። ውሃው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ በሆነበት ቦታ የሽንት ቤት ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል፤ የሚያስመጥጠው ማን ነው? ግድግዳውም ከሥር እርጥበት ይስባል። በወለሉ አጠገብ ነጭ የጨው ምልክት ወይም የተላላጠ ቀለም ካለ፣ አልጋውንና መጻሕፍቱን የት እንደሚያስቀምጡ ከወዲሁ ያስቡ። ከግንቦት በፊት አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ደግሞ ይበልጥ በእጅ ሊዳሰስ የሚገባው ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ በመሆኑ የወባ ትንኝ ይኖርበታልና አጎበር ከዕቃው ሁሉ በፊት ይገዛ።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። አብዛኞቻችን የምንከራየው ሙሉ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ሳይሆን በሰው ግቢ ውስጥ ያለ አንድ የሰርቪስ ክፍል ነው። ይኸውም ማለት ከክፍሉ ጋር የግቢውን ሕግ አብረን እንከራያለን ማለት ነው። በሩ በስንት ሰዓት ይዘጋል? ቤተ መጻሕፍት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ለሚቀመጥ ተማሪ በሦስት ሰዓት የሚዘጋ በር ያለው ቤት፣ ኪራዩ ርካሽ ቢሆንም እንኳ፣ ቤት አይሆነውም። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የመብራቱ ሒሳብ የሚከፈለው በሰው ቁጥር ነው ወይስ በአምፖል? የኤሌክትሪክ ምድጃስ ይፈቀዳል? ስለ ቧንቧው «እትዬ፣ ውሃ በየስንት ቀኑ ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ያው መጠየቅ ነው፤ ትክክለኛው መልስ ግን የሚገኘው በበሩ ከተደረደሩት በርሜሎች ነው። የሚበልጠውም ዘዴ እዚያው ግቢ የሚኖረውን ሌላ ተከራይ ብቻውን አግኝቶ ማነጋገር ነው።

ስለ ዋጋው ብዙ ጊዜ ደላላውን እንወቅሳለን። ደላላው በርግጥ ድርሻውን ይወስዳል፤ ይሁን እንጂ በከተማው የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ሺህ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹም ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች፣ እንደ እኛው አንድ ክፍል ሲፈልጉ ኖረዋል። ደመወዛቸው አነስተኛ ስለ ሆነ ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይጋራሉ። አከራይ አራት ከፋይ ባገኘበት ክፍል ለአንድ ተማሪ ዋጋ እንዲቀንስ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ብቻውን ለመኖር የሚሻ ሰው የሚከፍለው የባልንጀሮቹን ድርሻ ጭምር መሆኑን ይወቀው።

ስለ ሕጉም ጥቂት እንበል፤ ብዙዎቻችን «ሕግ የሚያገለግለው ለባለ ቪላ ነው» ብለን እንተወዋለንና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ከዚያም ሌላ በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ይደረጋል፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። አከራዩ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ ሊጠይቅ አይችልም፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪም አከራዩ በገዛ እጁ ባሻው ጊዜ የሚያደርገው ነገር አይደለም። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን፣ በክልሎች ደግሞ ክልሎቹ በሚወስኑአቸው ከተሞች ይፈጸማል፤ ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት በክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ቀርቦ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስድስት ወር በቅድሚያ ካልከፈልክ ለሚል አከራይ ያንን መልስ ይዞ መቅረብ፣ ባዶ እጅ ከመለመን ይሻላል።

አንዳንዱ ባለቤት ወረቀት ሲባል ይቆጣል፤ «አላመናችሁኝም ወይ?» ይላል። በዚህ ጊዜ መጋፈጥ አያስፈልግም። «ጋሼ፣ ለቤተሰቦቼ የማሳየው ነው» ቢባል ብዙውን ጊዜ እሺ ይላሉ። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይጻፍ። ኪራዩንና የሚከፈልበትን ቀን፣ የተሰጠውን ቀብድ፣ የበሩን ሰዓት፣ ለመልቀቅም ሆነ ለማስለቀቅ ስንት ወር አስቀድሞ መነገር እንዳለበት ይያዝ፤ የተሰበረ መስታወት ወይም የማይዘጋ ቧንቧ ካለም ይመዝገብ፤ በመጨረሻም ሁለቱም ወገኖች ቆጣሪው ፊት ቆመው የዚያን ዕለት ንባብ ከፊርማቸው በላይ ይጻፉት።