ዕቃ ከማዘዛችን በፊት፦ የክፍያ መንገዶችና የባንክ ወጪዎች

ከዱባይም ሆነ ከቻይና ዕቃ የሚያስመጡ ብዙ ወንድሞችና እህቶች በዕቃው ዋጋ ላይ አጥብቀው ይደራደራሉ። ገንዘቡ በየትኛው መንገድ እንደሚከፈልና ባንኮች በመሀል ምን እንደሚቆርጡ የሚጠይቁት ግን ውሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሙስሊም ነጋዴ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለበት፦ ከምከፍለው ውስጥ የአገልግሎት ዋጋ የቱ ነው? ሪባስ የቱ ነው?

በአገራችን በስፋት የሚሠራባቸው ሦስት መንገዶች አሉ።

ቅድመ ክፍያ (ቲቲ)፦ ዕቃው ሳይጫን ገንዘቡ ለሻጩ ይተላለፋል። የባንክ ወጪው አነስተኛ ነው፤ ስጋቱ ግን በሙሉ የገዢው ነው። ሻጩ ቢዘገይ ወይም ቢጠፋ ገንዘቡ ቀድሞ ሄዷል።

ሲኤዲ፦ ሻጩ ዕቃውን ጭኖ ሰነዶቹን በባንክ በኩል ይልካል፤ ገዢው ከፍሎ ሰነዶቹን ይረከባል። ባንኮቹ ሰነድና ገንዘብ ያቀባብላሉ እንጂ ለክፍያው ዋስ አይሆኑም። ገዢው አልከፍልም ቢል የሻጩ ዕቃ ወደብ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ቡናና ሰሊጥ የሚልኩ ነጋዴዎቻችንም ይህን አደጋ ሊያውቁት ይገባል።

ኤልሲ፦ የገዢው ባንክ የተዘረዘሩት ሰነዶች ተሟልተው ከቀረቡ እንደሚከፍል ቃል ይገባል። አሠራሩ በአብዛኛው የሚመራው ከሐምሌ 2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ዩሲፒ 600፣ ነው። በደንቡ መሠረት ባንክ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ዕቃው የተበላሸ ቢሆን እንኳ ሰነዱ ከተሟላ ባንኩ ይከፍላል። መፍትሔው ኤልሲው ሲከፈት የገለልተኛ መርማሪ የጥራት ማረጋገጫ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ማስገባት ነው።

አሁን ወደ ወጪዎቹ እንምጣ። ኤልሲ ሲከፈት ኮሚሽንና የስዊፍት መልእክት ክፍያ አለ። ጊዜ ሲራዘም ወይም አንድ ቃል ሲታረም የማሻሻያ ክፍያ ይጨመራል። ኢንቮይሱና የጭነት ሰነዱ (ቢል ኦፍ ሌዲንግ) ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ደግሞ የሰነድ ጉድለት ቅጣት ይመጣል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የገንዘቡ መጠን ቢያንስም አይቀንሱም። ለምሳሌ ቋሚ ወጪዎቹ ተደምረው 200 ዶላር ቢሆኑ፣ በ100,000 ዶላር ግዢ ላይ 0.2 በመቶ ናቸው፤ በ5,000 ዶላር ግዢ ላይ ግን 4 በመቶ ይሆናሉ።

ገንዘብ በቀጥታ ሲተላለፍ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚወስኑ ሦስት ምርጫዎች አሉ፦ ሁሉንም ላኪው (አወር)፣ ሁሉንም ተቀባዩ (ቤን)፣ ወይም እያንዳንዱ የራሱን ባንክ (ሻ)። በሁለቱ መጨረሻዎች መሀል ያሉ ባንኮች ከገንዘቡ ላይ ሊቆርጡ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሻጩ ክፍያው ጎድሏል ብሎ ዕቃውን ሊይዝብን ይችላል። ስለዚህ ምርጫው በውሉ ላይ ይጻፍ።

ከሸሪዓ አንጻር ዋናው መለያ ገንዘቡ የማን ነው የሚለው ነው። ሙሉ ገንዘቡን አስቀድመን ካስገባን ባንኩ ወኪላችን ነው፤ ለሠራው ሥራ ዋጋ መቀበሉ ችግር የለውም። ባንኩ ከራሱ ከፍሎልን ለቆየንበት ጊዜ ተጨማሪ ከጠየቀን ግን ያ ሪባ ነው። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 (እ.ኤ.አ.) በዋስትና ደብዳቤ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ለዋስትናው ለራሱ ክፍያ መቀበል እንደማይፈቀድ፣ ትክክለኛ የአስተዳደር ወጪ መቀበል ግን እንደሚፈቀድ ገልጿል። ገንዘብ ለጎደለው አስመጪ ከወለድ ነፃ ባንኮች የሚያቀርቡት አማራጭ ሙራበሓ ነው፦ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ በእጁ ካስገባ በኋላ፣ የገዛበትንና ትርፉን አሳውቆ ይሸጥልናል። ባንኩ ዕቃውን ሳይይዝ ስሙ ብቻ ከተቀየረ ግን ሙራበሓ አይሆንም።

ፊርማ ከማኖራችን በፊት ባንኩን እነዚህን እንጠይቅ፦

• እያንዳንዱ ክፍያ ለምን ሥራ ነው? ዝርዝሩ በጽሑፍ ይሰጠን።
• ኤልሲው ቢራዘም ምን ይጨመራል? ጭማሪውስ ለሥራ ነው ወይስ ለጊዜ?
• የውጭ ባንኮችን ወጪ ማን ይሸፍናል?
• ክፍያ ብናዘገይ ምን ይከተላል?

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር ነው። እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝም ከዚያው አደራ የሚመጣ ነው። አላህ በንግዳችን ላይ በረካ ያድርግልን።