ሥርዓተ ትምህርቱ የማን ነው? መለኪያውስ?



በፌዴራል ሥርዓት በሚተዳደር አገር ትምህርትን ማን ይምራው የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው እንደ ሥልጣን ሙግት ነው። አንዱ ወገን «አገር አቀፍ ደረጃ ያስፈልገናል» ይላል፤ ሌላው «ትምህርት የአካባቢው ሕዝብ ጉዳይ ነው» ሲል ይመልሳል። እኔ ዛሬ ለማሳየት የምሞክረው በዚህ ሙግት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች እንደ አንድ መቆጠራቸውን ነው። አንደኛው ልጆች ምን ይማሩ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው መማራቸው በምን ይመዘን የሚለው ነው። ለዚህም ሙግቱ ረዥም ዕድሜ ያስቆጠረበትን የአሜሪካን ልምድ እወስዳለሁ።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት አንድም ቃል አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው አሥረኛው ማሻሻያ ደግሞ ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠና ለግዛቶች ያልተከለከለ ሥልጣን የግዛቶቹ ወይም የሕዝቡ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ትምህርት የየግዛቱና የየአካባቢው ኃላፊነት ሆኖ ኖረ። ፌዴራሉ መንግሥት በስፋት የገባው እ.ኤ.አ. በ1965፣ በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን፣ የድሆች ልጆች የሚበዙባቸውን ትምህርት ቤቶች ለመደገፍ በወጣው ሕግ ነው። የገባበትም በር ገንዘብ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2002 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ የፈረሙት «አንድም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር» የተሰኘው ሕግ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተኑ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ድረስም ሁሉም «ብቁ» እንዲሆኑ አዘዘ። «ብቁ» ማለት ምን እንደሆነ መወሰንን ግን ለየግዛቱ ተወ፤ ዒላማውን በተደጋጋሚ ላልመታ ትምህርት ቤትም ቅጣት አዘጋጀ። ሰፋሪውና ሻጩ አንድ ሰው ሲሆኑ ቁናው መጥበቡ አይቀርም። በርካታ ግዛቶች የማለፊያ ነጥባቸውን ዝቅ አድርገው ያዙ። ይህን ያጋለጠው እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በናሙና የሚካሄደውና ማንንም ተማሪ የማይጥለው አገር አቀፍ ምዘና ነው። በየግዛታቸው «ብቁ» ከተባሉት ልጆች ብዙዎቹ በዚህ ምዘና «መሠረታዊ» የሚባለውን እርከን እንኳ የማይደርሱ ሆነው ተገኙ።

ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን የግዛት አስተዳዳሪዎችና የትምህርት ኃላፊዎች በማኅበሮቻቸው አማካይነት የጋራ ደረጃዎችን አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ አደረጉ፤ ከ40 በላይ ግዛቶችም ተቀበሏቸው። ሆኖም የፕሬዚዳንት ኦባማ መንግሥት 4.35 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ባካሄደው ውድድር እንዲህ ያሉ ደረጃዎችን ለተቀበለ ግዛት ነጥብ ይሰጥ ስለነበር፣ በስምምነት የተጀመረው ሥራ ከላይ የተጫነ መሰለ። ተቃውሞው በረታ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ኢንዲያና ቀድማ ወጣች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የወጣው ሕግም ፌዴራሉ መንግሥት በግዛቶች ላይ የተለየ የትምህርት ደረጃ እንዳይጭን ከለከለ። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ይህን ነው፦ የጋራ ደረጃው ሲፈርስ የጋራ ምዘናው አልፈረሰም።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ ሕጋዊው መነሻ የተለየ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 3 የትምህርት አገር አቀፍ መመዘኛዎችንና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያዎችን የማውጣት ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል። ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድሩት ግን ክልሎች ናቸው፤ የ8ኛ ክፍልንም ፈተና የሚያዘጋጁት እነርሱ ናቸው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚህ ልጆች በዚያ ዓመት በድንገት አልደከሙም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲያልፉ የኖሩት የት እንደደረሱ ሳይነገራቸው ነው። ወላጆቻቸውም አልተነገራቸውም።

አንድ ዓይነት መለኪያ እኩል ባልሆኑ ትምህርት ቤቶች ላይ መጫን ድሃውን መቅጣት ነው የሚል ክርክር ይቀርባል። ክርክሩ ክብደት አለው። ቤተ መጻሕፍት የሌለው የገጠር ትምህርት ቤትና የተሟላ የከተማ ትምህርት ቤት በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ሚዛኑ የሚናገረው ስለ ልጆቹ ጉብዝና ብቻ አይደለም። ነገር ግን ጉድለቱን መሸፈን የሚጠቅመው ጉድለቱን መሙላት የነበረበትን ባለሥልጣን እንጂ ልጁን አይደለም።

ስለዚህ የእኔ አቋም የሚከተለው ነው። የማስተማሪያ ቋንቋው፣ የትምህርቱ ምሳሌና አቀራረብ ለአካባቢው ቅርብ በሆነው አካል ይወሰን። መለኪያው ግን የጋራ ይሁን፤ በ12ኛ ክፍል ሳይሆን ገና በታችኛው ክፍል፣ ለማረም ጊዜ ሳለ፣ ቅጣት ሳይከተለው ይካሄድ። የሚለካው አካልም በለካበት ቦታ ሁሉ መምህርና መጽሐፍ የማሟላት ግዴታ ይኑርበት። ሚዛን ብቻውን አያጠግብምና።